የሜትሬ ማዞሪያ ድንጋይ

ሜትሬን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሚስቱ እንኳ ሜትሬ ነው የምትለው። ብረት ሜትሩን ቀበቶው ላይ ሳይሰካ ከቤት የወጣበት ቀን ስላልታየ ነው ስሙ የወጣለት። ሥራው መስታወት ቆራጭነት ነው። ሱቁ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ከተደረደሩት ጠባብ ሱቆች አንዷ ናት፤ መስታወቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ፣ መሃል ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ሰፊ ጠረጴዛ አለ፣ ወለሉ የቱንም ያህል ቢጠረግ ከጫማ ሥር ቅሽሽ የሚል ስብርባሪ አያጣም። ደንበኛ የመስኮቱን ልክ በወረቀት ጽፎ ሲያመጣለት ሜትሬ ወረቀቱን በትህትና ተቀብሎ ኪሱ ይከተዋል፤ ከዚያ ራሱ ሄዶ ሁለቴ ይለካል። መስታወት ጨርቅ አይደለም፣ ካጠረ አጠረ ነው፣ ቅጥያ የለውም ባይ ነው። በዚህ ጠባዩ የሚማረሩበት አሉ፤ ከሱ ሌላ ሰው መስኮታቸውን የማያስነኩም አሉ።

እንግዲህ መንገድ ያሳጠረው ይህ ሰው ነው።

ሜትሬ በወጣትነቱ ሯጭ ነበር። ታዋቂ አልነበረም፤ የታዋቂዎቹን አቧራ ሲውጥ የኖረ ሯጭ ነበር፣ በዚህም አያፍርም። ዳሌው አልታዘዝ ሲለው መሮጡን ትቶ ማስሮጥ ጀመረ። በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ፣ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት፣ በዓመት አንዴ ለሚደረገው የከተማው ማራቶን የሚዘጋጁ ተራ ሰዎችን ያሰለጥናል። ተራ ሰዎች ሲባል እንግዲህ ቦርጭ ያላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸው የሚንቋቋ ሰዎች ማለት ነው። አንድም ሳንቲም አይቀበላቸውም። ሚስቱ አንዳንዴ፣ በነፃ ሲያልበው የሚውል ሰው ከአንተ ሌላ አላየሁም ትለዋለች።

የሚሮጡበት መንገድ ከተዘጋው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ይነሳል። ረጅሙን ግንብ ይዞ ይሄድና ግንቡ ሲያልቅ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ተከትሎ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም፤ ቦዩም ያው፣ ሣሩም ያው፣ የሽቦ አጥሩም ያው ነው። የመንገዱ መጨረሻ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ አንድ ሰው ተቀምጦበት የሚያርፍበትን ያህል ድንጋይ ነው። እሱን ዞሮ መመለስ ልክ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ልክ ነው ሲባል ልክ ነው፤ ሜትሬ ድንጋዩን ያስቀመጠ ጊዜ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን በረጅሙ የጨርቅ ሜትር ሲለካ ውሏል፣ ሌላውን ጫፍ የያዘችለትም ሚስቱ ነበረች። እሷ እስከ ዛሬ ወገቤን የምትለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። የሌላ ሰፈር ሯጮች ሳይቀሩ ራሳቸውን መፈተን ሲፈልጉ እዚያ ይመጣሉ። የሜትሬ ድንጋይ አይዋሽም ይባላል።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። ስልክም ሆነ የእጅ ሰዓት ይዞ መሮጥ ክልክል ነው። ሰዓት የሚያይ ሰው እግሩን አይሰማም ይላል። ሰዓት የሚይዘው እሱ ብቻ ነው፤ በሩ ጋ ቆሞ ይልካቸዋል፣ በሩ ጋ ቆሞ ይቀበላቸዋል፣ የገቡበትን ይነግራቸዋል። እነሱም አምነው ይሄዳሉ። ሰው በሐኪም እጅ ያለውን ያህል በሱ እጅ ነበሩ።

ከሁሉም የምታሳዝነውም የምታስደስተውም ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች። የሰፈሩ ዳቦ ቤት እቶን ላይ ነው የምትሠራው፤ ሥራዋን ጨርሳ በቀጥታ ስለምትመጣ ዱቄቱ ከቅንድቧ ሳይራገፍ ትሮጣለች። ዓምና ማራቶኑን ጀምራ አልጨረሰችውም። በማራቶኑ ደንብ፣ ሩጫው ከተጀመረ አምስት ሰዓት ተኩል ሲሞላ መንገዱ ለመኪና ይከፈታል፤ የዘገየውን ሰው ከኋላ የሚመጣ አውቶቡስ እያነሳ ይሄዳል። ሯጮቹ ለቃሚው ይሉታል። ዳቦ ጋጋሪዋን ለቃሚው ለቀማት። መድረሻው ላይ ባሏና ትንሿ ልጇ አበባ ይዘው ቆመው ነበር፤ ልጅቷ እናቷን በአውቶቡሱ መስኮት ስታያት እጇን እያውለበለበች፣ እማዬ በመኪና አሸነፈች እንዴ ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳቦ ጋጋሪዋም ስታወራው ትስቃለች፣ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነው። ዘንድሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን መስመር በገዛ እግሯ ማለፍ።

የዝናቡ ወራት ሲገባ ነገር ተበላሸ። መጀመሪያ ጉንፋን ገባና ከቡድኑ ግማሹን አልጋ ላይ ጣለ። ቀጥሎ የጡረተኛው መምህር ጉልበት አበጠ። መምህሩ የቡድኑ አዛውንትና ቀልደኛ ነው፤ የሱ ቀልድ ሲጠፋ ማለዳው ራሱ ይጨልማል። በመጨረሻ የዳቦ ጋጋሪዋ ባት ተሸማቀቀ። ሜትሬ እዚህ ላይ ጎበዝ ነበር፣ ይህን መካድ አይቻልም። መምህሩን በረዶ አስይዞ፣ ደረጃ እያስወረደ ጉልበቱን መለሰለት። ዳቦ ጋጋሪዋን ሦስት ሳምንት ሩጫ ከለከላት፤ በምትኩ እቶኑ ፊት ቆማ ዳቦው እስኪበስል ተረከዟን ከፍ ዝቅ እንድታደርግ አዘዛት። የዳቦ ቤቱ ሰዎች ምን ነክቷት ነው ቆማ የምትንጠራራው እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን አላጓደለችም።

በአራተኛው ሳምንት ተመለሰችና ሮጠች። በሩ ጋ ስትደርስ ሜትሬ ሰዓቱን አየ፤ ከመታመሟ በፊት ከነበረው እጅግ የወረደ ነበር። ነገራት። እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

"ጋሼ፣ ከአውቶቡስ መስኮት ልጄን ከማይ ቤቴ ብቀመጥ ይሻለኛል" አለች። "ይቅርብኝ።"

ሜትሬ የሚለውን ያውቅ ነበር። ሦስት ሳምንት ያረፈ እግር በሦስት ሳምንት ነው የሚመለሰው፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ታገሺ፣ ማለት ነበረበት። ለስንቱ ብሎታል። ግን የዚያን ዕለት ከቡድኑ የመጡት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አራቱም ቆመው የሷን ጫማ ያያሉ። እሷ ከሄደች እነሱም እንደሚሄዱ አወቀ፣ እነሱ ከሄዱ ደግሞ እሱ መስታወት ቆራጭ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር አወቀ። ይህቺ የኋለኛዋ ሐሳብ ናት ጉዱን ያፈላችው። ዛሬ እኮ ነፋስ ነበር አላት፤ ቅዳሜ ብቻ ነይና እንሞክር። ነፋስ አልነበረም።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሜትሬ ወደ ቦዩ ሄዶ ድንጋዩን አንቀሳቀሰው። ሌባ ቢሆን ተሸሽጎ ባደረገው ነበር፤ እሱ ግን ሜትሩን ይዞ በግልጽ ነው ያደረገው፣ ሜትር የያዘ ሰው ደግሞ ማን ይጠረጥራል? እንዲያውም ድንጋዩ ሲከብደው የፋብሪካው ዘበኛ መጥቶ አገዘው። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ እየገፋ፣ አንተ ከሆንክማ ለክተህ ነው አለው። ሜትሬ አዎ አለ። ሁለት መቶ ሜትር ወደ ፋብሪካው አመጡት፤ ደርሶ መልሱ አራት መቶ ሜትር ተቀነሰ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሱቁ ገባና የአንዲት ሴትዮን የቁም ሣጥን መስታወት በሚሊ ሜትር ለክቶ ቆረጠ።

ቅዳሜ ዳቦ ጋጋሪዋ ገባች፣ ሰዓቷ ተነገራት፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ቆመች። ዱቄትና እንባ ተደባልቆ ጉንጯ ላይ ሊጥ ሆነ። መምህሩ፣ ይኸው ዳቦ እዚሁ ተጋገረ ብሎ ቀለደ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ቀልዱ ነበር። በሳምንቱ ስምንት ሰው መጣ፣ በወሩ ቡድኑ ሞላ። ሁሉም ፈጣን ሆኖ ነበር! ሜትሬ ዝናቡን ተቋቁሞ ቡድኑን ከሞት አስነሳ ተባለ፤ የሌላ ሰፈር አሰልጣኝ ሱቁ ድረስ መጥቶ ምሥጢርህን ንገረኝ አለው። ሜትሬ ዕረፍት ነው ምሥጢሩ አለ፤ የአንገቱ ሥር ግን እንደ እሳት ይለበልበው ነበር።

ለራሱ ያበጀው ምክንያት አይጣል ነው። ድንጋዩን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ፤ እነሱም በየሳምንቱ ስለሚበረቱ ሰዓታቸው አይለወጥም፤ እውነቱ ውሸቱን ይደርስበትና ማንም ሳያውቅ ነገሩ ይዘጋል ብሎ ነበር። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ግን ሊመልሰው በሄደ ቁጥር ወይ መምህሩ የዕድሜውን ፈጣን ሰዓት ሮጦ ለልጆቹ ሁሉ ስልክ ደውሎ ነግሯል፣ ወይ አንዱ ወፍራም ሰውዬ ሱሪው ሰፍቶት ደስ ብሎታል፤ እንዲህ ያለውን ደስታ በገዛ እጁ ሊያጠፋው አንጀቱ አልችል እያለ ይመለሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እሱም ያን እያወቀ ታጠቀው።

አንድ ቀን መምህሩ ከድንጋዩ አልፎ እግሩን ሊያፍታታ ሄዶ ሲመለስ፣ እዚያ ማዶ ሣር ያልበቀለበት ክብ ነገር አየሁ፣ ጠፈር ላይ የሚበር ዕቃ ያረፈበት ነው የሚመስለው አለ። ሁሉም ሳቁ። ሜትሬ የሳቀው ከሁሉም ዘግይቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሄዶ ሣር ነቅሎ ነሰነሰበት፤ የገዛ ሥራውን እንዲህ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲሸፍን፣ የሆነ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል ብሎ አሰበና አፈረ። ማንም አላየውም። ቢያዩት ሳይሻል አይቀርም ነበር።

ማራቶኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዳቦ ጋጋሪዋ ሱቁ መጣች። ሞቅ ያለ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ዕቅዷን ነገረችው። በማራቶኑ ላይ ባንዲራ ይዘው በእኩል እርምጃ የሚሮጡ ሰዎች አሉ፤ አረንጓዴውን የተከተለ በአምስት ሰዓት ይገባል፣ ቀዩን የተከተለ በአራት ሰዓት ተኩል። እሷ አረንጓዴውን ነበር የምታስበው፤ አሁን ግን የሰዓቷን ነገር ስታሰላው ቀዩን መያዝ ትችላለች። ልጇንም አስቀድማ እንድትቆም ነግራታለች። ሜትሬ በውስጡ አሰላው፤ በእውነተኛው ሰዓቷ አረንጓዴውን ትይዛለች፣ ቀዩን ከያዘች ግን ትፈነዳለች። የፈነዳ ሯጭ ደግሞ አይዘገይም፣ ይቆማል። ለቃሚውም ይመጣል። አፉን ከፈተ። ዳቦው ይሸታል። ጥሩ ነው፣ በርቺ አላት።

ማታ ከእራት በኋላ ለሚስቱ ነገራት። እንዴት እንደነገራት ራሱም አያውቅም፤ ጉሮሮው ላይ የቆመ ጉርሻ እንደሚወጣ ወጣ። ሚስቱ ልብስ ታጥፍ ነበር፣ ማጠፉን አቆመች። እኔ እኮ ነኝ ጫፉን የያዝኩት አለችው፤ ያን ቀን ሙሉ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ። ቀጥላም፣ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ሲባል ሰምተህ አታውቅም አለችው። እሱ ለነሱ ብዬ ነው አለ። ሚስቱ ለአፍታ አየችውና ለነሱ ብለህ ሳይሆን ስለነሱ ፈርተህ ነው፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ንገራቸው ብላ ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ቅዳሜ የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ሜትሬ ሊናገር ተዘጋጅቶ መጣ፤ መንገድ ላይ ለብቻው ሲለማመደው ያዩት ሰዎች ታመመ እንዴ ብለዋል። ሯጮቹ ገብተው ሲያበቁ ጉሮሮውን ጠራረገና አንድ ነገር ልነግራችሁ ነበር አለ። እኛ እንቅደም አለ መምህሩ። ከቦርሳው አዲስ ሰማያዊ ጃኬት አወጣ፤ አዋጥተው ያሰፉለት ነው። ጀርባው ላይ በነጭ ክር "ሜትር አይዋሽም" ተብሎ ተጠልፏል። መምህሩ ንግግር አደረገ፤ ዕድሜ ልኩን ተማሪ ሲመዝን እንደኖረ፣ ራሱ የተመዘነው ግን በዚህ ሰው እጅ እንደሆነ፣ ሚዛኑም ቀና እንደነበር ተናገረ። እዚያ ላይ ድምፁ ተሰበረ፣ ቀልድ አልጨመረበትም። አጨበጨቡ። ጃኬቱን አለበሱት። ሜትሬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ መሬት ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ተሰንጥቃ አታውቅም። ሊነግሩን የነበረውስ ምንድን ነው አሉት። እንቅልፍ አታጉድሉ ማለት ፈልጌ ነው አለ።

እቤቱ በር ላይ ሚስቱ ጃኬቱን አየች፣ ጽሑፉን አነበበች፣ ገባች።  ያን ሳምንት እቤት ውስጥ ከሥራ ቃል በቀር አልተነጋገሩም።

የማራቶኑ ዕለት ሜትሬ የሱቁን ብስክሌት ይዞ በማለዳ መነሻው ላይ ተገኘ። ጃኬቱን አልለበሰውም። ሰዉ ይተራመሳል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ ባንዲራዎቹ ከሰው ራስ በላይ ይታያሉ። ዳቦ ጋጋሪዋን ቀዩ ባንዲራ ሥር አገኛት። እጇን ይዞ ወደ አጥሩ ጎተታት።

"አረንጓዴውን ያዢ" አላት። "ድንጋዩን አንቀሳቅሼው ነበር። መንገዱ አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሰዓትሽ እውነት አይደለም።"

አየችው። ከዚያ ከልቧ ሳቀች።

"እርስዎ ድንጋይ ሲያንቀሳቅሱ! ጋሼ፣ እንዳልቸኩል ብለው ነው አይደል? አልቸኩልም፣ አያስቡ።"

እውነቴን ነው አለ፤ ድምፁ ግን ደካማ ነበር፣ ጎኗ ያሉትም ይሰሙ ነበር። ስለ ዘበኛው ሊነግራት ይችል ነበር። ስለ ሣሩ ሊነግራት ይችል ነበር። ክንዷን ይዞ አልለቅም ሊል ይችል ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን ስላላመነችው እፎይ አለ። ነግሬያለሁ፣ ከዚህ በኋላ የሷ ጉዳይ ነው አለ በልቡ። ሜትሬ ከሠራው ሁሉ፣ ድንጋዩን ከማንቀሳቀሱም ጭምር፣ እስከ ዛሬ አንገቱን የምታስደፋው ያቺ እፎይታ ናት። የመነሻው ተኩስ ተሰማ፣ ሰዉ ተነቃነቀ፣ ቀዩ ባንዲራ ሄደ።

በብስክሌቱ በየጎዳናው እየቆራረጠ ይጠብቃት ነበር። መንገዱ ሲጋመስ ከባንዲራው ሥር ነበረች፤ ስታየው አዩ አይደል በሚል ዓይነት እጇን ከፍ አደረገች። ያኔ ተስፋ ያዘው። ሰው ሲያጠፋ ተአምር ይጠብቃል። ምናልባት ትችል ይሆናል፣ ምናልባት ውሸቴ እውነት አድርጓት ይሆናል ብሎ ፔዳሉን በኃይል ረገጠው። በሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ባንዲራው ብቻውን መጣ፣ እሷ ከኋላው አልነበረችም። ቆሞ ጠበቀ። አረንጓዴው ባንዲራም መጥቶ አለፈ። መምህሩ ከሥሩ ነበር፤ አዛውንቱ ጉልበቴን አላምነውም ብሎ ያንኑ አረንጓዴ ይዞ ቀርቶ ነበር። የኛን ልጅ ወደ ኋላ አልፌያታለሁ፣ አላማረችኝም ብሎት ሄደ።

ሜትሬ ብስክሌቱን ወደ ኋላ አዞረ። የአንድ የተዘጋ መድኃኒት ቤት ግድግዳ ይዛ ቆማ አገኛት። ሁለቱም ባቶቿ ተኮማትረዋል፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ውሃ ሰጣት፣ ተንበርክኮ እግሯን አሸላት፣ ሯጩ ሁሉ በአጠገባቸው አልፎ አለቀ። መራመድ ስትችል ብስክሌቱን እየገፋ አብሯት ሄደ። 

"ድንጋዩ" አለች በመጨረሻ። "እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"አረንጓዴውን ብይዝ ኖሮስ?"

ከጥያቄዎች ሁሉ የሚፈራው ይህን ነበር። ስሌቱን ደጋግሞ ሠርቶታል፤ እቶኑ ፊት ያነሳቻቸው ተረከዞች፣ ያልቀረችባቸው ማለዳዎች፣ ሁሉም በእውነት አበርትተዋት ነበር። ውሸቱ ከነአካቴው አላስፈለገም ነበር።

"ትደርሺ ነበር" አላት። "ጊዜም ይተርፍሽ ነበር።"

ብትሰድበው በወደደ ነበር። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀችና መንገዱን እያየች ተናገረች።

"የዓምናው ውድቀት የራሴ ነበር። የዘንድሮው ግን የእርስዎ ነው፤ እኔ ተሸክሜልዎት ነው የምሄደው።"

ለቃሚው አውቶቡስ ከኋላቸው መጥቶ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። ውስጡ የተቀመጡት ሰዎች በመስኮት አይተዋት ዓይናቸውን መለሱ። ረዳቱ፣ እናቴ ሰዓቱ ሞልቷል፣ መንገዱ ሊከፈት ነው አላት። ዳቦ ጋጋሪዋ ደረቷ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ነቅላ ሰጠችውና ወደ እግረኛ መንገዱ ወጣች። አልገባችም። በሱቆቹ ደጃፍ፣ ገበያተኛውን እየተጋፋች፣ እያነከሰች ሄደች። ሜትሬም ብስክሌቱን እየገፋ ከኋላዋ።

ሲደርሱ የመድረሻው ቅስት ፈርሶ ብረቱ መኪና ላይ እየተጫነ ነበር። ባሏና ልጇ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ሮጣ እናቷ እግር ላይ ተጠመጠመች፣ አበባው ጠውልጓል። ባልየው ሚስቱን ካቀፈ በኋላ ወደ ሜትሬ መጣና ሁለት ትከሻውን ያዘው።

"እግዜር ይስጥልን ጋሼ። እርስዎ ባይኖሩ መንገድ ላይ ትቀርብን ነበር።"

ዳቦ ጋጋሪዋ በልጇ ራስ ላይ አሻግራ ሜትሬን አየችው።  ጠበቀች ብቻ። እሷ እስካልተናገረች ድረስ ምስጋናውን ተቀብሎ ሊሄድ እንደሚችል እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል።

"እንዲህ ያደረግኋት እኔ ነኝ" አለ ሜትሬ። "የምትለማመድበትን መንገድ ሆን ብዬ አሳጥሬ ፈጣን ነሽ አልኳት።"

ባልየው ለጊዜው አልገባውም ነበር። ሲገባው እጆቹ ከሜትሬ ትከሻ ላይ ቀስ ብለው ወረዱ። የልጁን እጅ ያዘና እንሂድ አለ።

በሳምንቱ ሜትሬ ማንም እንደማይመጣ እያወቀ ረጅሙን የጨርቅ ሜትር ይዞ ፋብሪካው በር ላይ ቆመ። ሚስቱ ሳይጠይቃት አብራው መጥታለች። መምህሩ መጣ፣ ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ በመጨረሻ እያነከሰች መጣች፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት አለ። ለማንም አልተናገረችም ነበር፤ ነገሩን ለሱ ትታለት ነበር። ሜትሬ ሁሉንም ነገራቸው፤ ዘበኛውን፣ ሣሩን፣ ጃኬቱን የለበሰበትን ቀን ሳይቀር። ማንም አልጮኸበትም። መምህሩ ለልጆቹ ሁሉ የደወለበትን ሰዓት ሳያስብ አልቀረም፤ ጫማውን አየ፣ ቀልድም አላገኘለትም።

"ሜትሩን ይስጡኝ" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

ሜትሬ አንዱን ጫፍ እኔ ልያዝ ብሎ እጁን ዘረጋ። እርስዎ ይቆዩ አለችው። ጫፉን የያዘችው ሚስቱ ናት፣ ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ። ሁለቱ ሴቶች ግንቡን ይዘው፣ ከዚያ ቦዩን ይዘው፣ እያጎነበሱ ለኩ፤ ሌሎቹ ከኋላ ተከተሉ። ሜትሬ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ባዶ እጁን ከሁሉም ኋላ ሄደ። የመጨረሻው ልክ ያረፈው ሣሩ የጠወለገበት ክብ ላይ ነበር፣ ልክ መሃሉ ላይ። ድሮ የለካው ዝንፍ አላለም። ይህን ያደነቀለት አልነበረም። ድንጋዩን አንከባለው መለሱት።

ዛሬም ያሰለጥናቸዋል። የቀሩ አሉ፣ አብዛኞቹ ግን ይመጣሉ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ለሚቀጥለው ማራቶን ትዘጋጃለች። ሕጉ ብቻ ተሽሯል፤ ሁሉም ስልኩን ክንዱ ላይ አሥሮ ነው የሚሮጠው። ጃኬቱን መልስ ያለው የለም፤ ሱቁ ውስጥ ጽሑፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተሰቅሏል። ዳቦ ጋጋሪዋ በሩ ጋ በደረሰች ቁጥር ትቆምና፣ ስልኳን በእጇ ሸፍና፣ ስንት አሉ ብላ ትጠይቀዋለች። ሜትሬ ይነግራታል። እጇን አንስታ ታመሳክራለች። ልክ ነው ትላለች፣ ሁልጊዜም ልክ ነው።

"ልክ ነው፣ አሰልጣኝ" ነው የምትለው። ጋሼ ማለቷን ትታለች። እሱም በየማለዳው ሰዓቱን ይዞ በሩ ጋ ቆሞ፣ ምናልባት ዛሬ ትለኝ ይሆናል እያለ ይጠብቃታል።